የእመት ውሮ አጭር ዘንግ

ቁጭ በሉና ጆሯችሁን ስጡኝ። ይህን ተረት ሰምቶ ጊዜዬ ባከነ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ድሮ፣ እንጨቱም ውርጩም አፍ በነበረው ጊዜ፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ አናት ላይ ሐይቅ ነበረ። በሐይቁ ዳር እመት ውሮ የምትባል ድመት ትኖር ነበር። ሦስት ልጆቿን የምትመግበው በመዳፏ ዓሣ እየጠለፈች ነበር። አንድ ዓመት ግን ውርጭ መጣና ሐይቁን ድንጋይ አደረገው። ዓሣው ከሥር፣ ድመቷ ከላይ። አንድ ቀን ጾሙ፤ ሁለት ቀን ጾሙ፤ በሦስተኛው ቀን ትንሿ ልጅ ማልቀስ እንኳ አቃታት።

እመት ውሮ መቀመጥ አልቻለችም። ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፤ በረዶውን ትቧጭራለች፣ ትተዋለች። ይህን ያየ አያ ጅቦ መጣ።

«እመት ውሮ፣ ምን ያንቆራጥጥሻል?»

«ልጆቼ ሊያልቁብኝ ነው። በረዶው አልሰበር አለኝ።»

«አጥንት የሚሰብር መንጋጋ በረዶ ያቅተዋል? እኔ እከፍትልሻለሁ። የመጀመሪያው ዓሣ የእኔ ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ካላወጣሽ ግን ከልጆችሽ አንዷ የእኔ ናት።»

እምቢ ብትል ሦስቱም ማለቃቸው ነው። እያንገሸገሻት «እሺ» አለች። ጅብም በረዶውን ቆርጥሞ ቆርጥሞ የእንቅብ አፍ የሚያህል ቀዳዳ ከፈተ። ከዚያ አጠገቡ ተጋደመና ልጆቹን ዓይን ዓይናቸውን ያይ ጀመር።

እመት ውሮ መዳፏን ሰደደች፤ ዓሣው ጥልቅ ውስጥ ነው፤ አልደረሰችበትም። ሦስት ትል ነበራት። ከእሾህ የተሠራ መንጠቆ ነበራት። ከፈረስ ጭራ የተገመደ ክር ነበራት። የጎደላት ዘንግ ነው። ወደ ሸምበቆ ሮጠች።

«ውሰጂኝ» አለ ሸምበቆ። «ረጅም ነኝ። የታወቀ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ የሚይዘው እኔን ነው።»

ይዛው መጣች። ለካ ረጅም ዘንግ የሚጠቅመው ከዳር ቆሞ ሩቅ ለሚወረውር ነው። እዚህ ዓሣው ከእግር ሥር ነው። ክሩ ቀዳዳው ውስጥ እንዲገባላት አሥር እርምጃ ወደ ኋላ መቆም ነበረባት፤ በዚያ ላይ ነፋሱ ሸምበቆውን ያወዛውዘዋል። ነፋስ ይሁን ዓሣ ሳትለይ ትሉ ተበላ።

«እየዘጋሁ ነው፤ የድስት አፍ ያህል ቀረ» አለ ውርጭ።

ወደ ወይራ ሮጠች።

«ሸምበቆ ወሬኛ ነው፤ ነፋስ ባለፈ ቁጥር ይንጫጫል» አለ ወይራ። «እኔ አጭር ነኝ፤ ጠንካራ ነኝ፤ ለማንም አልታጠፍም።»

አሁን ከቀዳዳው አፍ ላይ ተቀመጠች። ጠበቀች፤ ወይራ ዝም። ጠበቀች፤ ወይራ ዝም። ክሩን ብትስበው ትሉ የለም።

«ዓሣ ሲነካህ ምነው ዝም አልክ?»

«ነክቶኝ ነበር እንዴ?» አለ ወይራ።

ለምን መሰላችሁ? በብርድ ጊዜ ዓሣ ሰነፍ ነው። አይነጥቅም፤ በከንፈሩ ጫፍ ይመጥጣል እንጂ። ያን ደግሞ ወፍራም እንጨት አይሰማውም።

«የእንስራ አፍ ያህል ቀረ» አለ ውርጭ።

ጅብ ተነሥቶ ተንጠራራ። «ትንሿን መርጫለሁ፤ ጥርስ አታደክምም» አለ።

እመት ውሮ እየበረረች የጃርት ጉድጓድ ደረሰች።

«እማማ ጃርት፣ ሸምበቆ በነፋሱም ይወዛወዛል፤ ወይራ በዓሣውም አይነቃነቅም። ምን ይሻለኛል?»

«ዘንግ ስትለምኚ ዋልሽ እንጂ መቼ ሠራሽ?» አለች ጃርት። «እጀታው ጠንካራ፣ ጫፉ ስስ መሆን አለበት። ከጀርባዬ ቀጭኑን እሾህ ንቀይ። ወፍራሙን ተይው፤ እሱ ለጠብ ነው።»

እመት ውሮ እሾሁን ነቅላ ወደ ቀዳዳው ተመለሰች፤ ወይራውን በክንዷ ለክታ ቆረጠችው፤ ጫፉን ሰነጠቀችው።

«እኔ ወይራው ለጃርት እሾህ እጀታ ልሁን?»

«አዎ» አለችው፤ ለክርክር ጊዜ አልነበራትም። እሾሁን ስንጥቁ ውስጥ ከተተች፤ በጭራ ሰባት ጊዜ ጠምጥማ በጥርሷ እየሳበች አጠበቀችው። ከዚያ ፈተነችው፤ ብዙ ሰው ግን ይህን ይዘላል። ትንሿን ልጇን «እፍ በይበት» አለቻት። እፍ አለች፤ ጫፉ ሰገደ።

የመጨረሻውን ትል ሰደደች። ጫፉ አልተንቀሳቀሰም። ጅብ ወደ ልጆቹ አንድ እርምጃ ተራመደ። ጫፉ አልተንቀሳቀሰም። ጅብ ሁለተኛ እርምጃ ተራመደ። ጫፉ ጎንበስ አለ፣ እፍ ያሉት ያህል ብቻ። እመት ውሮ መዘዘች። ዓሣው በቀዳዳው ወጥቶ ከጅቡ እግር ሥር ተፈራገጠ።

ጅብ ዋጠው። እሷ ከአፉ የወደቀውን አንጀት መንጠቆው ላይ ሰካች፤ ሁለተኛ አወጣች፤ ሦስተኛ አወጣች፤ ልጆቿ በሉ።

«ዘንጉን ወዲህ በይ» አለ ጅብ፤ ነጥቋትም ሄደ።

በነጋታው ጅብ እሾሁ ተሰብሮበት ተመልሶ መጣ። ዓሣ ሲነካለት አጥንት በሚጎትትበት ጉልበቱ ጎትቶት ኖሯል። «ዘንግሽ ሟርት አለበት» አላት። እመት ውሮ ግን ሌላ ሠርታ፣ ከዚያው ቀዳዳ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ቀዳዳውን ሌሊቱን ሙሉ ውርጭ እንዳይዘጋው እየተፈራረቁ ሲቧጭሩ ያደሩት ልጆቿ ናቸው።

«እሱ በእኔ ክንድ የተለካ ነው፣ አያ ጅቦ» አለችው ዓይኗን ከጫፉ ሳታነሣ። «አንተ በራስህ ለክተህ ሥራ።»

ዘንግ ይቀማል፤ ዘንግ የሠራ እጅ አይቀማም። እናንተም ዛሬውኑ አንድ እንጨት ፈልጉ። በክንዳችሁ ለኩት፤ ጫፉን ፋቁት፤ በትንሿ ጣታችሁ ንኩት። ካልጎነበሰ ደግማችሁ ፋቁት።