ወደ ጎን ያየው ወታደር

ትንንሽ ወታደሮችን ቀለም እየቀባ የሚኖር አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን ዘንግቼ ወደ ተረት የገባሁ አይምሰልህ። «በልቤ ብቀና፣ እጄ ግን ማንንም ካልነካ፣ ማንን ጎዳሁ?» ነው ያልከኝ። መልስህ ያለው እዚህ ሰው ዘንድ ነውና ተረጋግተህ ስማኝ።

ሰውየው የሚሠራው ለሙዚየሞች ቅርጻ ቅርጽ በሚያዘጋጅ አንድ የእጅ ሥራ ቤት ውስጥ ነበር። ከእርሳስ ቀልጦ የወጣ፣ ቁመቱ ከመሐል ጣት የማይበልጥ ወታደር ይሰጡታል፤ እሱ ደግሞ በቀለም ነፍስ ይዘራበታል። በተለይ ነሐስ ሲቀባ የሚያህለው አልነበረም። ከጤፍ ቅንጣት ብዙ በማትበልጥ የልብስ ቁልፍ ላይ መጀመሪያ ጥቁር ይቀባል፣ በጥቁሩ ላይ ወርቃማ ይደርባል፣ በወርቃማው ጫፍ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ያሳርፋል፤ ያን ጊዜ ቁልፏ ፀሐይ የመታት ትመስላለች። እንዲህ ሲያደርግ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን ስሙ አንድም ሥራ ሥር ተጽፎ አያውቅም፤ የሚጻፈው የሥራ ቤቱ ስም ነው። ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር።

የሰውየውን ስም አልነግርህም፣ አያስፈልግህም። የባልደረባውን ስም ግን ልንገርህ፤ ዘርይሁን ይባላል። የምነግርህም ሰውየው ራሱ በዚያ ሰሞን በአፉ ከዚህ ስም ሌላ ስም ስላልነበረው ነው። ሲበላም ዘርይሁን፣ ሲተኛም ዘርይሁን።

ዘርይሁን ከመጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ትሑት ነው፣ ሰውየውን «ጋሼ» እያለ ይጠራዋል፣ ብሩሽ ሲያልቅበት የራሱን ያካፍለዋል። ለክፋት እንኳ ሰበብ የማይሰጥ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ደግሞ ምን ያህል ድካም እንዳለው ታውቀዋለህ፣ አታውቀውም አልልህም።

ታዲያ አንድ ሙዚየም ትልቅ ሥራ አዘዘ። በዚያ በድሮው ዘመን ወደ መቅደላ የወጣው የእንግሊዝ ጦር ከነተራራው በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንዲታይ ነው። በመሐሉ መድፍ የተሸከመ ዝሆን ይቆማል። ሁሉም ዓይኑን የጣለው በዝሆኑ ላይ ነበር፤ ምክንያቱም ዝሆኑን የሚቀባው ባለሙያ ስሙ በነሐስ ሰሌዳ ተቀርጾ ከሣጥኑ ሥር እንዲለጠፍ ተወስኗል። የሥራ ቤቱም አለቃ ሁለቱን ጠርቶ፣ እያንዳንዳችሁ አንዳንድ እግረኛ ወታደር ቀብታችሁ አምጡ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሙዚየሙ ኃላፊ መጥተው ያያሉ፣ ሥራው የተመረጠለት ዝሆኑን ይወስዳል አላቸው።

የተሰጣቸው ወታደር አንድ ዓይነት ነው። ራሱ ላይ የቡሽ ቆብ፣ አቧራ የመሰለ ካኪ ልብስ፣ የቆዳ ቀበቶ፣ ትከሻው ላይ ጠመንጃ፤ አንድ እግሩን አንሥቶ ዳገት ይወጣል። ጠረጴዛቸውም ጎን ለጎን ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰውየው የሠራው ሥራ ግሩም ነበር። የቀበቶው ዘለበት ያንጸባርቃል፣ ቁልፎቹ በተርታ ያበራሉ። በዚያ ቢቀጥል ኖሮ ይህን ምሳሌ አልነግርህም ነበር። በስምንተኛው ቀን ግን ሠራተኞቹ በዘርይሁን ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ዘርይሁን መንገድ ከሚቆፈርበት ከሰፈሩ አፈር አምጥቶ፣ በቀጭን ጨርቅ ነፍቶ፣ በማጣበቂያ ለውሶ የወታደሩን ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አልብሶታል። ወታደሩ ከባሕር ጀምሮ በእግሩ የመጣ ይመስላል። ሰውየው ቀረብ ብሎ አየና «እጅህ ይባረክ» አለ። አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ። አሥራ ሦስት ዓመት ጫማ ሲቀባ አፈርን ሳያስባት መቅረቱ እንደ ስድብ ቆጠቆጠው።

በማግስቱ እሱም አፈር ይዞ መጣ። ጫማው ላይ አደረገ፣ ጫማው አልበቃ ብሎት ወደ ላይ ጨመረ፤ የደከመበት ዘለበት አቧራ ለብሶ ደበዘዘ። ዘርይሁን ከወታደሩ ደረት ላይ አንዲት ቁልፍ ፍቆ በቦታዋ የተበጠሰ ክር ሣለ። ሰውየውም ካበሩት ቁልፎቹ አንዷን በምላጭ ፋቃት፣ የሱም ክር ተንጠለጠለ። ዘርይሁን ከቆቡ ጠርዝ ሥር የላብ መስመር አወረደ። የሰውየውም ወታደር አላበው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቷል መሰለህ? እሱ ራሱም ለሌላው ሲናገረው ኖሯል።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲያወራ ወሬው ያው ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሚስቱ እጇን ከትሪው አነሣችና እንዲህ አለችው፦ «የዘርይሁንን ወታደር ጫማውን አውቃለሁ፣ ክሩን አውቃለሁ፣ ላቡን ሳይቀር አውቃለሁ። ያንተ ወታደር ግን ምን ይመስላል?» ሰውየው ወጡ ጨው አንሶታል አለ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ደረስን። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ዘርይሁን ቀብር ነበረበት። ወታደሩ ቀለሙ ገና አልደረቀም። «ጋሼ፣ አደራ፣ ድመቷ እንዳትጥልብኝ» ብሎ ወጣ። ሌሎቹም ለምሳ ወጥተው ነበርና በቤቱ ውስጥ ሰውየውና ሁለቱ ወታደሮች ብቻ ቀሩ። ቀለም ማቅጠኛው በብርጭቆ ተሞልቶ አጠገቡ ነው። ከዚያ አንዲት ጠብታ የዘርይሁን ወታደር ፊት ላይ ብትወድቅ የሦስት ሳምንት ድካም እንደ ሰም ይቀልጣል፤ ድመቷ ደግሞ ምስክር ቆማ አትከራከርም። እጁ ተዘረጋ። ብርጭቆውን ነካ። ከዚያ ሰበሰበውና ሁለቱን እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ የአደራው ባለቤት እስኪመለስ ድረስ ድመቷን እያባረረ ተቀመጠ።

ደስ አለው። ራሱን እንደ ጻድቅ ቆጠረ። «ቀንቻለሁ፣ አልክድም፤ ግን እጄ ንጹሕ ነው፣ ማንን ጎዳሁ?» አለ በልቡ። ያንተው ቃል ነው፣ ቃል በቃል።

ከዚያም በነዚያ ንጹሕ እጆቹ የወታደሩን ዓይን ለመሣል ተቀመጠ።

በዚያ ሥራ ቤት ዓይን የሚሣለው በመጨረሻ ነው። ሰውየውን ያስተማሩት አዛውንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ የኖሩ ነበሩ፤ ልማዱንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። ዓይን ስትሥል ትንፋሽህን ያዝ፣ ከፊትህ ካለው ፊት በቀር ምንም አትይ፣ የሣልከው ዓይን አንተ ያየህበትን ያያል ይሉት ነበር። ሰውየውም ሦስት ጠጉር ብቻ ያለውን ብሩሽ አነሣ፤ ትንፋሹን ያዘ። በአንደኛው ዓይን ላይ ጥቁሯን ነጥብ ከማሳረፉ በፊት ግን ወደ ጎን አየ። የዘርይሁን ወታደር ዓይኑ አልቆ ወደ ዳገቱ ቀና ብሎ ይመለከታል። እንዴት አደረገው? ነጥቧን አሳረፈ። ደግሞ ወደ ጎን አየና ሁለተኛዋን አሳረፈ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት በማይሞላ ጊዜ ሥራው አለቀ።

በቀጠሮው ቀን የሙዚየሙ ኃላፊ መጡ። ወሬ የማያበዙ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ወይዘሮ ናቸው። ሁለቱን ወታደሮች መስኮቱ አጠገብ ልክ እንደ ጠረጴዛዎቹ ጎን ለጎን አቆሟቸው። ጎንበስ ብለው ረዥም ጊዜ አዩ።

«ይኸኛው ተራራውን ያያል፤» አሉ የዘርይሁንን እያመለከቱ። «ይኸኛውስ ምን እያየ ነው?»

ሰውየው እሱም ተራራውን ነው ብሎ መለሰ። ሴትዮዋ አልተከራከሩም፤ ማጉያ መነጽሩን አቀበሉትና «እስቲ እርስዎ ይዩት» አሉት።

ሰውየው አጎንብሶ አየ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከስምንተኛው ቀን ወዲህ የራሱን ወታደር አተኩሮ ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱም ብሌኖች ወደ አንድ ማዕዘን ሄደው ተለጥፈዋል፤ የቀረው ነጭ ብቻ ነው። ወታደሩ አንድ እግሩን ወደ ዳገቱ አንሥቶ፣ ጠመንጃውን ተሸክሞ፣ ጓደኛውን በጎን ያያል። ሴትዮዋ የዘርይሁንን ወታደር አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። የሰውየው ወታደር ግን ባዶውን ቦታ ማየቱን ቀጠለ።

ያን ጊዜ ዘርይሁን ተናገረ፤ የተናገረውም ለሰውየው ብሎ ነው። «ጠላት ከጎን ይመጣብኛል ብሎ የሚጠብቅ ወታደርም አለ እኮ። ጋሼ አውቀው ነው ያደረጉት» አለ። ሰውየው ይህን ሲሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ተሳድቦ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ሴትዮዋም «አይ ልጄ» አሉ። «የሚጠብቅ ሰው ዓይን እንዲህ አይደለም። ይሄ የሚመኝ ዓይን ነው።»

ያን ጊዜ ሰውየው የአስተማሪው የአዛውንቱ ነገር ትዝ አለው። በአባቶች ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ እንደሚሣል፣ ክፉ ሰው ግን በጎኑ በአንድ ዓይን ብቻ እንደሚሣል አንተም በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አይተኸዋል። ሰውየው ተማሪ ሳለ ክፉዎቹን አንድ ዓይና ያደረጋቸው ማነው ብሎ ጠይቆ ነበር። አዛውንቱም ማንም አላጠፋባቸውም፣ ሁለተኛው ዓይን አለ፣ እነሱ ወደ ጎን ስለሚያዩ ነው የማይታየው ብለውት ነበር።

ዝሆኑን ዘርይሁን ቀባው፤ ስሙም በነሐስ ተቀረጸ። የሰሌዳውን ነሐስ የወለወለው ሰውየው ነው፤ ነሐስ ከሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ እሱን ለመኑት። ወታደሩንም አልጣሉበትም። ከኋላ ረድፍ፣ ከዳገቱ ሥር ቦታ ሰጡት። ጦሩ ሁሉ ሽቅብ እያየ ይወጣል፤ እሱ ብቻ ወደ ጎን ያያል። በሚያይበት በኩል ደግሞ ምንም የለም፣ በቢጫ ቀለም የተቀባ ሣር ብቻ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ «እጄ ካልነካው ማንን ጎዳሁ?» አልከኝ። የዚያም ሰው እጅ አልነካም። የዘርይሁን ወታደር አንዲት ጠጉር አልጎደለችበትም። የተፋቀችው ቁልፍ የማን ነበረች? የደበዘዘው ዘለበትስ? የተጣመመው ዓይንስ? ቅናት ልብ ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ ዕቃ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ በብሩሹ ጫፍ ወርዶ ሥራህ ላይ ያርፋል። አንተ ደግሞ ብሩሽ ሳይሆን መላጊያ ነው የያዝከው፣ በር ትሠራለህ አሉ።

አሉ የምለው ካንተ ስላልሰማሁ ነው። ጎረቤትህ አናጢው ሰሞኑን ሦስት በር መሥራቱን፣ የበሮቹን እንጨት፣ የማጠፊያውን ዓይነት፣ ያመሰገኑትን ሰዎች ሁሉ ከተቀመጥክ ጀምሮ ነግረኸኛል። ያንተ በር ምን ላይ እንደደረሰ ግን አንዲት ቃል አልወጣህም። ተነሥና ሂድ፤ ቤትህ ስትገባ መጀመሪያ እሱን እየው።