ዱካዋን የምታየው ሮቨር

አንድ የጠፈር ምርምር አለቃ ነበር። ፈቃደ ይባላል። ማርስ ላይ ያለችውን ሮቨር፣ ከምድር በሚላክላት ትእዛዝ አሸዋና ድንጋዩን እየቃኘች የምትሄደውን ባለ ስድስት ጎማ ሮቦት፣ የሚመራው እሱ ነው። የማርስ ብርድ ሊገባ አርባ ቀን ቀርቶታል። ከዚያ በፊት ፀሐይ ወደሚያገኘው ተዳፋት ካልደረሰች ኃይሏ አልቆ በብርድ ደርቃ መቅረቷ ነው። ፈቃደ በሐሳብ አለቀ።

አንጀቱን የሚያሳርረው ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሮቨሯ ጥቂት ሜትር በሄደች ቁጥር ትቆምና ካሜራዋን ወደ ኋላ አዙራ የገዛ ዱካዋን ፎቶ ታነሳለች። ይህን ያስለመደቻት ሾፌሯ ትርሲት ናት። ሾፌር ስላችሁ መሪ የጨበጠች እንዳይመስላችሁ፤ የቀኑን ጉዞ ጽፋ ትልካለች፣ የሆነውን የምትሰማው በማግስቱ ነው።

«ወደ ፊት ሂጂ ነው እኮ ያልናት። ምን ቁርጥ አድርጓት ነው ወደ ኋላ የምታየው?» አላት ፈቃደ። «ነገ ስልሳ ሜትር ሳትቆም ትሂድ።»

«ጋሼ ፈቃደ፣ ጎማዋ ስንት ጊዜ እንደዞረ ታውቃለች። መሄዷን የምታውቀው ግን ዱካዋን ስታይ ነው» አለች ትርሲት። «እሺ፣ ሌላውን ልሰርዘው። መሀል ላይ አንዷን ብቻ ይተዉልኝ።»

እያጉረመረመም ቢሆን ተወላት።

በማግስቱ መልእክቱ መጣ። ጎማዎቹ ሠላሳ ሜትር የሚያስኬድ ያህል ዞረዋል፤ ሮቨሯ ግን መሀል ላይ በራሷ ጊዜ ቆማለች። የፈቃደ ደም ፈላ። «አላልኩሽም?» ብሎ ሳይጨርስ ፎቶው ተከፈተ። ዱካው ሦስት ሜትር አይሞላም። ከዚያ በኋላ እዚያው አሸዋ ውስጥ ስትሽከረከር ነው የቆየችው፤ ጎማዎቿ እስከ ግማሽ ተቀብረዋል። ትንሽ ብትቀጥል አብቅቶላት ነበር።

ያን ያህል ርቃ፣ የሚያማክራት አንድ ሰው በሌለበት፣ ዞር ብላ አይታ አለመሄዷን አምና የቆመችው ያቺ ብረት ናት። ፈቃደ አፈረ። ኮራባትም።

እሷን ከአሸዋው ማውጣት አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ከዚያ ዞር እያለች፣ እያየች ተጓዘችና ብርዱ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ፀሐዩ ጋ ደረሰች። «ከእንግዲህ አንዷንም እንዳትሰርዢባት» አላት ፈቃደ ትርሲትን።

እኛስ? ቀኑን ሙሉ ስንሯሯጥ ውለን፣ ስለደከመን ብቻ የሄድን ይመስለናል። መድከምና መሄድ ግን ይለያያሉ። ቆም ብሎ ያለፉበትን ማየት ጊዜ ማባከን የሚመስለን ብዙ ነን፤ አሸዋ ውስጥ የምንቀረውም ለዚሁ ነው። እርስዎ የመጡበትን መንገድ ዞር ብለው ካዩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?