የሻምበሉ የይለፍ ወረቀት

በጦርነቱ ጊዜ ከግንባሩ ኋላ ባለው ድልድይ ላይ የወታደር ፖሊስ ኬላ ነበር። አዛዡ ሻምበል ዘርጋው ከግንባር የሚሸሸውን ሁሉ እየያዘ ያስር ነበር። አንድ ቀን ይመናሹ የምትባል በቅሎ ነጂ ስንቅ ጭና ወደ ግንባር ስትሄድ አስቆማት።

«የይለፍ ወረቀትሽስ?»

«ወረቀቱን የሚጽፈው ጸሐፊ ቆስሎ ተኝቷል፣ ጌታዬ። ወታደሮቹም እህል ከቀመሱ ሁለት ቀናቸው ነው።»

«ያለ ወረቀት በዚህ ድልድይ ዝንብ እንኳ አታልፍም። ስንቁ ተይዟል፤ አንቺም ትታሰሪያለሽ።»

ይመናሹ የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘች መለሰች።

«የሚሸሸውን ያዙ፣ የሚሄደውንም ያዙ። እንግዲያው ሻምበል፣ እርስዎ ምሽጉ ላይ ይቁሙልን። ጠላት ሲመጣ የይለፍ ወረቀት ይጠይቁትና ከሌለው ይመልሱታል።»

የኬላው ወታደሮች ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ሻምበሉም የኬላውን ገመድ በገዛ እጁ ፈታላት።