የሁለት መኪና አንድ ካርቡሬተር

አንድ ሰው መኪናውን ሊያስመረምር መጣ። ድሬዳዋ ነው፤ ዘመኑ ሩቅ ነው። እኔ ያኔ ሰባኪ አልነበርኩም። ለቦሎ የሚመጡ መኪኖች በሚመረመሩበት ግቢ ውስጥ ቱታ ለብሼ የመኪና ጭስ የማሽተት ሠራተኛ ነበርኩ። ትስቃላችሁ? ሳቁ፣ ግድ የለም። በአፍንጫው እንጀራ የበላ ሰባኪ አይታችሁ አታውቁም መሰለኝ።

ያኔ የጭስ መለኪያ ማሽን የለም። ነጭ መሐረብ ከጭስ ማውጫው ኋላ እንይዛለን፤ ሹፌሩን «ርገጥ!» እንለዋለን። መሐረቡ ከጠቆረ «ሂድና አሠርተህ ና» ነው። አቤት ያ ጊዜ! የቤንዚኑ ሽታ፣ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ፣ ያ ሁሉ ሹፌር እየተቀላለደ ተራ ሲጠብቅ! አሁንም ማደያ በር ላይ ሳልፍ ቆም እላለሁ፤ ባለቤቴ እጄን ይዛ ትጎትተኛለች።

ያ ሰው ጋሽ ወንዳፍራሽ ይባላል። የምድር ባቡር መካኒክ ነው። መኪናው ባለ ሁለት በር፣ ቀይ የስፖርት መኪና ናት፤ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ ነው የሸጠለት። መረመርኳት፣ አለፈች፣ ቦሎ ተለጠፈላት።

በወሩ ሌላ ሰው መጣ፤ የመድኃኒት ቤት ባለቤቱ ጋሽ ኢሳያስ። የእሱም የስፖርት መኪና ናት፤ የዚያችው እህት፣ ሞተሯ ግን አነስ ያለ፣ ቀለሟ ሰማያዊ። ኮፈኑን ስከፍት ምን አየሁ? ባለፈው ወር ቀዩ መኪና ላይ ያየሁትን ካርቡሬተር! ቤንዚንና አየር የሚያዋህደውን ዕቃ ማለቴ ነው። ክዳኑ ላይ ያው የመዶሻ ጠባሳ፣ ጎኑ ላይ ያው የመዳብ ሽቦ።

«ጋሽ ኢሳያስ፣ ይሄ ዕቃ የጋሽ ወንዳፍራሽ መኪና ላይ አልነበረም?» አልኩት።

«አቦ ዝም በል! አሁን የት ነው ያለው? እዚህ አይደለም? መርምር!»

መረመርኩ። አለፈች።

በኋላ ነገሩን ተረዳሁ። የወንዳፍራሽ ካርቡሬተር ተሰብሯል። ከውጭ እንዳያስመጣ ቀረጡ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ለሁለቱ መኪና አንድ ካርቡሬተር ቀረ። ዕቃው የኢሳያስ ነው። ግን ያን ያረጀ ዕቃ አስተካክሎ የሚያሠራው፣ በድሬዳዋ ሙሉ፣ የወንዳፍራሽ እጅ ብቻ ነው። ዕቃው የአንዱ፣ እጁ የሌላው።

ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር? አንድ እሑድ ዕቃውን ቀዩ ላይ ይገጥማሉ፣ ሁለቱም በቀዩ ይወጣሉ። በሚቀጥለው እሑድ ሰማያዊው ላይ ይገጥማሉ፣ ሁለቱም በሰማያዊው ይወጣሉ። አንድ ጊዜ እኔንም ወስደውኛል። የኋላ ወንበር ተብዬው ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ፣ የደንገጎን ዳገት ወጣን። እስከ ዳገቱ አናት ድረስ እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች አፋቸው አልተዘጋም።

«የኔዋን ጉልበት አየህ? ይሄን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ!» ይላል ወንዳፍራሽ።

«የምትጠጣውን ቤንዚንስ? የኔዋ በአንድ ሊትር ሦስት ኪሎ ሜትር ትበልጥሃለች።»

«ጡረታ ስለወጣች ነዋ!»

«ለሞተሩ ትልቅነት ግብሩን የምትከፍለው አንተ፤ ጭሱን የምበላው እኔ። ምን በወጣኝ?»

አናቱ ላይ ቆመን ነፋስ ተቀበልን። ታች ድሬዳዋ በሙቀት ተሸፍና ትታያለች። ጋሽ ኢሳያስ ሳቅ ይዞት ዓይኑን ይጠርጋል። እንደዚያ ቀን የሳቅሁበትን ቀን ብፈልግ ጥቂት ነው የማገኘው። ልብ በሉ፣ ካርቡሬተር ቢተርፋቸው ኖሮ እያንዳንዱ በየራሱ መኪና ብቻውን ይወጣ ነበር።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ጭስ ይለካል፣ ቁጥር አትሞ ይሰጣል። እኔ ወጣት ነኝ፣ በማሽኑ ሰክሬያለሁ። ሁለቱ መኪኖች በየተራቸው ከተመረመሩ በኋላ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? የጠመኔ ሰሌዳ አነሣሁ። በአንድ በኩል ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ብዬ ጻፍኩ። የፈረስ ጉልበት፣ በሊትር የሚሄዱት፣ ጭስ፣ ግብር። ቁጥሩን ሞልቼ በር ላይ ሰቀልኩት። ለጨዋታ ነበር፤ ለጨዋታ!

ቀዩ በጉልበት በለጠ። በቀሩት በሦስቱ ሰማያዊው ተሻለ። ሹፌሮቹ ተሰበሰቡ። «ወንዳፍራሽ፣ መካኒክ ሆነህ በመድኃኒት ሻጭ ተበለጥክ?» አሉት። ይስቃሉ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ግን አልሳቀም። ከዳገቱ ላይ ክርክር ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ቁጥሩም ያው ነው። አሁን ግን ሰው እያየ ነው።

«ያስተካከልኩልህ እኔ ነኝ» አለው። «እኔ ባልነካው ያ ካርቡሬተርህ ቁራጭ ብረት ነው!»

ጋሽ ኢሳያስም ደሙ ፈላ። «የኔ ካርቡሬተር ባይኖር ያቺ መኪናህ የዶሮ ቤት ናት!»

ወገኖቼ፣ ከሁለቱ ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። ሁለቱም እውነቱን ተናገሩ፤ እውነቱን ተናግረው ተጣሉ። «ያላንተ አልሆንም» ብለው በፍቅር ሊነጋገሩበት የሚገባውን ነገር፣ «ያለኔ አትሆንም» ብለው ተሰዳደቡበት።

ሰባት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ። ኢሳያስ ዕቃውን ይዞ እጅ አጣ፤ ወንዳፍራሽ እጁን ይዞ ዕቃ አጣ። ሁለቱም መኪኖች በየግቢው ሸራ ለብሰው ቆሙ። እኔስ? አስታራቂ መሆን የነበረብኝ እኔ፣ ሰፈራቸውን እየሸሸሁ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ። ይሄን ስነግራችሁ አሁንም አፍራለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ ኢሳያስ በእግሩ ወደ ግቢያችን መጣ። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። «ብቻዬን የወንዳፍራሽን በር ማንኳኳት አቃተኝ፤ አብረኸኝ ና» አለኝ። ሄድን።

ጋሽ ወንዳፍራሽ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ሲያየን አልተነሣም።

«ምን አመጣህ?»

«እጅ ፈልጌ መጣሁ» አለ ኢሳያስ፤ ፎጣውን ሲፈታ ያው ካርቡሬተር ነው።

ወንዳፍራሽ በግራ እጁ ቀኝ እጁን አነሣና አሳየው። የታጠፈች፣ የማትዘረጋ እጅ። ስትሮክ መትቶት ኖሯል። አንድ ከተማ ውስጥ እየኖርን ሁለታችንም አልሰማንም!

«ይቺን ነው የፈለግከው? ዘግይተሃል አቦ» አለው።

ጋሽ ኢሳያስ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ወንዳፍራሽ በግራ እጁ የመሣሪያ ሣጥኑን አሳየውና፣ «በቃ፣ በቃ። ካቻቢቴውን ያዝ፤ እኔ እነግርሃለሁ» አለ።

ሸራው ተገለጠ። ኢሳያስ ቀዩ መኪና ላይ አጎንብሶ ይፈታል፣ ያስራል። ወንዳፍራሽ ከወንበሩ ያዝዛል። «ወደ ግራ። ሩብ ዙር። ሩብ አልኩህ እኮ፤ ሽሮፕ የምትቀዳ መሰለህ?» ማታ ላይ ተነሣች። ጭሷ ጥቁር ነው፤ እንደማታልፍ በአፍንጫዬ አወቅሁ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

በእሑዱ ኢሳያስ እየነዳ፣ ወንዳፍራሽ አጠገቡ ተቀምጦ፣ እኔ ከኋላ ታጥፌ ደንገጎን ጀመርን። ሕጉን ጥሰናል፤ እሱን ከጌታዬ ጋር ተነጋግሬበታለሁ። ግማሽ ላይ ውኃዋ ፈላና ቆመች። ወርደን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ታዲያ» አለ ወንዳፍራሽ፣ «ጉልበቷን አየህ?»

«አየሁ» አለው ኢሳያስ። «በጣም ትበልጣለች።»

ያ ሁሉ ዓመት የተጠበቀው ይሄ ቃል ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ቢወጣ ጋሽ ኢሳያስ ምን ይጎድልበት ነበር? ምንም!

ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለቱ የተሰጣቸው ስምንት ወር ነው። በስምንተኛው ወር ጋሽ ወንዳፍራሽን ቀበርነው። ጋሽ ኢሳያስ ከመቃብሩ ስንመለስ ክንዴን ያዘና፣ «ስምንቱ ወር ጣፋጭ ነበር። ሰባቱን ዓመት ግን ማን ይመልስልኛል?» አለኝ። ሰባኪ የሆንኩት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጥያቄ ይዤ ነው።

እናንተስ? እህቴ፣ ቤትሽን ከእህትሽ ቤት እያስተያየሽ ስንት ዓመት ሆነሽ? ወንድሜ፣ አብሮ አደግህ ሲበልጥህ አየህና ስልኩን ማንሣት ከተውክ ስንት በዓል አለፈ? እስቲ ዛሬ የምትመኩበትን ነገር አስቡት። ትምህርታችሁን ማን አስጀመራችሁ? ሥራውን ማን ጠቆማችሁ? ስትታመሙ ማን አጠገባችሁ አደረ? እግዚአብሔር የአንዳችንን ጎዶሎ በሌላችን እጅ አስቀምጦታል፤ እንድንፈላለግ ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ማን በለጠ እያልን እንለካካለን።

ስምንት ወር እንዳላችሁ በምን ታውቃላችሁ? የዚያ ሰው እጅ ዛሬም እንደምትዘረጋ በምን ታውቃላችሁ?

መጨረሻ ላይ ቡራኬ እንዳለ ታውቃላችሁ። አሁን አልሰጥም። አሁን ስሙ ልባችሁ ላይ የመጣው ሰው እዚሁ ጉባኤ መካከል ካለ ተነሡ፣ ሂዱና አጠገቡ ተቀመጡ። ከሌለ ወደ ግቢው ውጡ፣ ደውሉለት። ሰው ያየኛል አትበሉ፤ ይያችሁ። ሁላችሁም እስክትመለሱ ድረስ እኔ እዚህ ቆሜ እጠብቃለሁ።