አቶ ተሻገር በሩን የያዙ ዕለት

ሞጣ ውስጥ ሰው ሲካሰስ የሚወራወረው አንድ አባባል አለ። ብዙው ሰው ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ይናገረዋል፤ ስለማያውቅም ያለ ቦታው ይከተዋል። እኔ መነሻውን ልንገራችሁ።

የአቶ ተሻገር ልጅ ማስተዋል ባሕር ዳር ትሠራ ነበር። አንድ እሑድ እሷ ወላጆቿን ልትጠይቅ በመጣችበት፣ ይበልጣል የሚባል ወጣት ቤተሰቦች ሽማግሌ ላኩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በአያ ይርሳው መሪነት ገቡና፣ እንደ ወጉ ሳይቀመጡ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ።

አቶ ተሻገርም እንደ ወጉ ተኮሳተሩ። «ልጄ ገና ናት። ዘመድ ላማክርና ከፋሲካ ወዲያ ተመለሱ።»

የልጅቷ ወግ ጓዳ ተቀምጦ መስማት ነው፤ ማስተዋል ግን ሰሚነት አልፈጠረባትም። ወጣች።

«አባዬ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ከይበልጣል ጋር አንድ ቤት መኖር ከጀመርን ሁለት ዓመት አልፎናል። አሁን የቀረን ያንተ ምርቃት ነው።»

ቤቱ ግራ ገባው። አንዱ ሽማግሌ ሳይፈቀድላቸው ቁጭ አሉ። ሌላው ወደ አያ ይርሳው ጠጋ ብለው፣ «ታዲያ እኛ ምን ልንጠይቅ ነው የቆምነው?» ቢሏቸው፣ «እኔም እሱን እያሰብኩ ነው» አሏቸው።

አቶ ተሻገር መቆጣቱ እንኳ ወዲያው አልመጣላቸውም።

«በሰማንያ ነው?»

«አይደለም።»

«በቁርባን?»

«በፍቅር ነው፣ አባዬ።»

«እሱ ደግሞ የማን ሕግ ነው?» አሉና ተነሥተው በሩን ያዙ። «ውጪ። በእኛ ዘመን ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የምትወጣው ክብሯን ይዛ ነበር። በዚህ በር ሁለተኛ አትገቢም።»

ማስተዋል መውጣትም መቆምም ቸገራት።

እናቷ ወይዘሮ ውድነሽ ወንዶች ባሉበት ቃል ተናግረው አያውቁም። ያን ዕለት ግን፣ «የእኔስ ክብር እንዴት ወጣ?» አሉ ባላቸውን። «ውሃ ልቀዳ በወረድኩበት በጓደኞችዎ አስይዘው ወሰዱኝ። አባቴ ዘንድ ሽማግሌ የላኩት እርስዎ ቤት ካደርኩ በኋላ ነው። እሺ ትያለሽ ወይ ብሎ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። እሷን እንኳ ይበልጣል ጠይቋታል።»

አቶ ተሻገር በሩን እንደያዙ ቀሩ፤ ይዝጉት ይክፈቱት የጠፋባቸው መሰሉ። የሚያግዛቸው ቢያገኙ ብለው ወደ አያ ይርሳው ዞሩ። አያ ይርሳውም አንገታቸውን ደፍተው እንዲህ አሉ፦ «ተሻገር፣ ያን ጊዜም የላክኸው ሽማግሌ እኔ ነበርኩ፤ ገብቶ ያንኳኳ፣ በር ዝጉ አይልም።»