በስልክ የሞቱት አባት

አንድ ቀን፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ የከተማችን ስልክ ቤት ሠራተኛ የነበሩት እትዬ ጥሩዬ የስልኩን እጀታ አስይዘውኝ «ልጄ፣ በስልክ ስታወሪ ዝም አትበይ። ከማዶ ያለው ሰው ፊትሽን አያይም» ብለውኝ ነበር።

ያኔ ስልክ ማውራት እንደ ግብዣ ነበር። ሰው ልብሱን ለውጦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ይመጣል፤ ድምፁ ሳይሆን ራሱ የሚሄድ ይመስል። አግዳሚው ላይ ተደርድረን ተራ እንጠብቃለን። እትዬ ጥሩዬ «ካቢን ሁለት! ዓረብ አገር!» ብለው ሲጣሩ አንዱ ዘሎ ይነሳል፣ ሌላው «ለእኔም ሰላም በልልኝ» ይላል። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል መስመሩ ውስጥ ገብተው፣ ቀስ ብለው፣ «እየሞላ ነው፤ ተሰነባበቱ» ይሉ ነበር። ሳይሰናበት የሚለያይ ሰው አልነበረም።

በኋላ አንድ ነጋዴ መጣ። ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ከፍቶ፣ ሁለት ኮምፒውተር ደርድሮ፣ በሩ ላይ «የኢንተርኔት ስልክ፦ በአንድ ሻይ ዋጋ ዓረብ አገር» ብሎ ጻፈ። ሁላችንም ወደዚያው ዞርን። ርካሽ ማን ይጠላል? ብዙም ሳይቆይ ስልክ ቤቱ ተዘጋ፤ እትዬ ጥሩዬም ቤታቸው ገቡ።

ከነጋዴው ደንበኞች መካከል ጋሽ ይማምና ባለቤታቸው ወይዘሮ ከድጃ ነበሩ። ልጃቸው ዘምዘም ዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አሠሪዋ ስልክ እንድታነሳ የምትፈቅድላት ዓርብ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ርካሹ ስልክ ድምፅ ያዘገያል፣ ያስተጋባል፣ ደስ ባለው ሰዓት ይቆረጣል። የእኛ ሰው ደግሞ ሰላምታ አያሳጥርም። እናት ስለ ጤናዋ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለምትበላው ይጠይቃሉ፤ ልጅ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ አክስቶቿ፣ ስለ ላሟ ትጠይቃለች። ጋሽ ይማም የወግ ሰው ናቸውና «ሴቶቹ ይጨርሱ» ብለው ወደ ኋላ ይቆማሉ። «በይ አባትሽን ላቅርብልሽ» ተብሎ ማዳመጫው እጃቸው ሲገባ መስመሩ ጭጭ ይላል። ዘምዘም በዚያ ወገን የምትሰማው ተመልሶ የሚመጣውን የራሷን «አባዬ? አባዬ?» ብቻ ነው። አንድ ዓርብ እንዲህ ሆነ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም።

በአገራችን በሩቅ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። የሚያረዳ ሽማግሌ እስኪገኝ ይደበቃል፤ ሲጠይቅም «ደህና ነው» ይባላል። የዘምዘም አያት ሲሞቱ ስምንት ወር ሙሉ «ደህና ናቸው፤ ትንሽ ጋደም ብለው ነው» ስትባል ቆይታ ነበር። ስለዚህ ዝምታውን የስልኩ ችግር ነው ብላ አላሰበችም። አባቴ ሞቷል፣ ደበቁኝ አለች።

በአራተኛው ዓርብ ሰላምታውን አቋረጠችው።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አባዬ የለም አይደል?»

«ኧረ በአላህ! ደህና ነው! አጠገቤ ቆሟል!»

«አያቴንም እንዲሁ ነበር ያላችሁኝ። በሚመጣው ዓርብ ድምፁን ካልሰማሁ ከዚህ ቤት ወጥቼ ለፖሊስ እጄን እሰጣለሁ። ይመልሱኝ። ቢያንስ መቃብሩን ልየው።»

እናት ባላቸውን በእጅጌያቸው ሲጎትቱ መስመሩ ተቆረጠ። እጇን ከሰጠች እስር እንደሚጠብቃት፣ ሁለት ዓመት የለፋችበትም ሜዳ ላይ እንደሚቀር ሁሉም ያውቃል።

ወይዘሮ ከድጃ ወደ ነጋዴው ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህ ስልክህ ባሌን እየገደለብኝ ነው።»

«እማማ፣ ምን ነካዎት? ጋሼ ይኸው ቆመው የለም እንዴ?»

«እዚህማ ቆሟል። እዚያ ሞቷል።»

ነጋዴው ሳቀ። «ኔትዎርክ ነው እኮ፣ እማማ። በዚህ ዋጋ ምን ይጠብቃሉ? ደግሞ ለተቆረጠው አላስከፍልም።»

«የተቆረጠውን ማን ይቀጥልልኝ?»

ጋሽ ይማም ቀልድ አያልቅባቸውም። «ተይው ከድጃ፤ ሬሳው ሻይ አምሮታል፣ እንሂድ» አሉ። በዚያ ሳምንት ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሽ ይማም፣ ሰደቃዎ መቼ ነው? ከወዲሁ እንራብበት» እያለ ይቀልድባቸዋል፤ እሳቸውም ይስቃሉ፤ ቤት ሲገቡ ግን ምግብ አይወርድላቸውም።

ወሬው እትዬ ጥሩዬ ዘንድ ደረሰ። ዓርብ ሲሆን ነጠላቸውን ደርበው ሱቁ ድረስ መጡ።

«ጋሽ ይማም፣ ዛሬ እርስዎ ይቅደሙ። ሰላምታም አይስጡ።»

«ሰላም ሳልላት? ልጄን እንደ ፍየል ልጣራት? ነውር አይደለም እንዴ!»

«ነውሩን ለእኔ ይተዉት። ይህ መስመር ትዕግሥት የለውም፤ ዋናውን ነገር ከፊት ያድርጉት።»

ተደወለ። ዘምዘም ከማንሳቷ ጋሽ ይማም በሬ እንደሚነዳ ሰው ጮኹ።

«ዘምዘም! እኔ ነኝ፣ አባትሽ! አልሞትኩም! ማን ፈቅዶልሽ ነው የምትቀብሪኝ?»

ከማዶ ምንም አልተሰማም። ሱቁ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ወደ ማዳመጫው ተጠጋን። ከዚያ ዘግይቶ፣ እየተቆራረጠ፣ ልቅሶ መጣ፤ ልቅሶው መሃል ሳቅ። «አባዬ… አባዬ… በቃ አልወጣም፤ ሥራዬ ላይ ነኝ…» ስትል መስመሩ ተቆረጠ።

ጋሽ ይማም ማዳመጫውን አልለቀቁም። «ደህና ነሽ ወይ? እንዴት ከረምሽ? እንቅልፉስ? ምግቡስ? አሠሪሽስ ደህና ናት? ልጆቿስ?» እያሉ፣ አራት ዓርብ ያጠራቀሙትን ሰላምታ ለተዘጋው መስመር አንድም ሳያስቀሩ አደረሱ። ነጋዴው «ጋሼ፣ ተቆርጧል እኮ» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። በዚያን ዕለት አልሳቀም።

ርካሽ ነገር ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ስንቱን ድሃ ከልጁ አገናኝቷል። ግን ያንን አግዳሚ ትተን ስንሻገር ከዋጋው ጋር ምን እንደቀነስን የጠየቀ አልነበረም። ታሪኩ ሌላም ትምህርት አለው። ክፉውን በዝምታ መሸፈን የለመደ ሕዝብ፣ ደጉን ለመናገር መቸኮል አለበት። ደህና መሆናችንን ተራ ካስጠበቅነው፣ የሚወደን ሰው በልቡ ይቀብረናል። እስቲ እናንተስ፣ ድምፃችሁን ስንት ዓርብ የጠበቀ ሰው አላችሁ?

እኔ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ሕፃን ልጄን አዘልኩና ደጅ ወጥቼ በሩቅ አገር ላለው ወንድሜ ደወልኩ። ሲያነሳ፣ ከሰላምታው በፊት፣ «ሁላችንም ደህና ነን» አልኩት።