በዚያው ጋቢ

አንዲት ሴት ነበረች። ማለዳ በር ሲንኳኳ የምትፈራ ሴት።

ሌባ አይደለም የምትፈራው። ጨለማም አይደለም። ቀን ሙሉ በሯ ቢንኳኳ ግድ የላትም። ጎረቤት ወንፊት ሊዋስ ይመጣል፣ የውኃ ቆጣሪ የሚያነብ ሰው ይመጣል፤ «ግቡ፣ ክፍት ነው» ትላለች። ገና ፀሐይ ሳትወጣ የብረቱ በር የተንኳኳ እንደሆነ ግን በእጇ ያለው ነገር ይወድቃል።

ለምን? እናንተ ታውቁታላችሁ። በእኛ አገር መርዶ የሚመጣው በማለዳ ነው። ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሳሉ። ነገሩን በር ላይ አይናገሩትም። «እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ» ይላሉ። ቁጭ በይ ከተባለ በኋላ ምን ቀረ?

ይህች ሴት ፀዳለ ትባላለች። ባሏ ደምሰው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ማለዳ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ወልደየስ ሰዎች አስከትለው በዚያ በር ገቡ። «እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አሏት። ስለዚያ ማለዳ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም። የደረሰበት ያውቀዋል፤ ያልደረሰበትን እግዚአብሔር ይጠብቀው።

ዓመታት አለፉ። ልጇ ምሥራቅ አድጋ፣ ተምራ፣ አርባ ምንጭ ሥራ ያዘች። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ፀዳለና የደምሰው እናት እማማ ደጊቱ ናቸው። የእማማ ደጊቱ ዓይን ደክሟል። አፍንጫቸውና ምላሳቸው ግን አልደከሙም። ሰዎች ፀዳለን «አማትሽን እስከ መቼ ትጦሪያለሽ?» ሲሏት «እናቴን ማለታችሁ ነው?» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ፀዳለ በእድሩ ውስጥ የታወቀች ናት። ለቅሶ ሲያልፍ፣ ድንኳኑ ሲነሳ፣ ሌላው ሰው ወደየቤቱ ሲበተን፣ የእድሩን ድስትና ጭልፋ አጥባ ወደ ዕቃ ቤቱ የምትመልሰው እሷ ናት። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው ደግሞ ልሳነወርቅ የሚባል ሰው ነው። የእንጨት ሥራ መምህር ነበር። እሱም ሚስቱን ቀብሯል። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች የሚገናኙት ሰው ሲሞት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። እስቲ አስቡት፤ ከዚህ የባሰ መተዋወቂያ ቦታ አለ?

አንድ ቀን ልሳነወርቅ ትልቁን ድስት ገልብጦ አየና፣

«ወይዘሮ ፀዳለ፣ የድስት ቂጥ ማን ያያል ብለው ነው እንዲህ የሚፈትጉት?» አላት።

«እርስዎ አዩት አይደል?»

«እኔማ ይኼው እያየሁት ነው። መስታወት አድርገውታል። የሚቀጥለው ለቅሶ ላይ ሰው ፊቱን ሲያይበት ማልቀሱን ይረሳል።»

ሳቀች። በድንኳን ሸራና በለቅሶ ዕቃ መካከል ቆማ ሳቀች። ወዲያው ደነገጠችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ለምን ደነገጠች? መሳቅ ኃጢአት ነው? ያንን ድንጋጤ የምታውቁት አላችሁ። ሳቅ ሳታስቡት ያመልጣችኋል፤ ከዚያ የከዳችሁት ሰው ያለ ይመስል ዞር ዞር ትላላችሁ።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ያወሩ ጀመር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ልሳነወርቅ ጭልፋውን እየሰቀለ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «እኔ ወደ እርስዎ ሰው መላክ ብፈልግ ምን ይሉኛል?» ሲል ጠየቃት።

ፀዳለ ድስቱን አስቀመጠች። «እማማ ደጊቱን ጥዬ የትም አልሄድም» አለችውና ወጣች።

እሷ እምቢ ያለች መሰላት። እሱ ደግሞ መንገዱን ያሳየችው መሰለው። ክረምቱ ሙሉ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል ሳይነጋገሩ አለፈ፤ እሷም ነገሩ ያበቃለት መሰላት። ቀለለኝ ብላ አሰበች። ግን ድስት ስታጥብ እንደ በፊቱ አላንጎራጎረችም።

ጥቅምት ገባ። አንድ ቅዳሜ ማታ ምሥራቅ ጋ ብትደውል ስልኩ አይሠራም። ደግማ ደወለች፤ አይሠራም። «ኔትወርክ ይሆናል፣ ተኚ» አሏት እማማ ደጊቱ። ተኛች፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።

እሑድ ማለዳ የብረቱ በር ተንኳኳ።

ፀዳለ በመስኮት አየች። ጋሽ ወልደየስ ናቸው። ያው ጋቢ፣ ያው ከዘራ። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች አሉ። የውጭውን በር ገፋ አድርገው ገብተው ወደ ቤቱ እየመጡ ነው።

ሮጣ የቤቱን መዝጊያ ቀረቀረችው።

«ቤቶች! እንደምን አደራችሁ!»

«አትንገሩኝ!» አለች ከውስጥ።

«ፀዳለ፣ ልጄ፣ ክፈቺ እንጂ።»

«ምሥራቅ ናት! ምሥራቅ ናት አይደል? አልከፍትም፤ ሂዱልኝ!»

«ኧረ ምሥራቅ ምን ሆነች?» አሉ ጋሽ ወልደየስ ግራ ገብቷቸው። «እስቲ መጀመሪያ ተረጋጊ። ቁጭ ብለን የምንነጋገረው ነገር ነው።»

ቁጭ ብለን! ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ካልከፈትኩት አልሰማውም፤ ካልሰማሁት አልሆነም አለች በልቧ።

በዚህ ጊዜ እማማ ደጊቱ ግድግዳውን እየዳበሱ ከመኝታቸው መጡ። በሩ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ።

«ምንድነው ይሄ? ወልደየስ! አንተ ነህ ሽቶ የተቀባኸው?»

ከኋላ ከቆሙት የአንዱ፣ የፀጉር አስተካካዩ የአቶ ሽኩር ድምፅ ተሰማ። «በዛ ብዬ ነግሬዎት ነበር።»

«ትንሽ ነው እኮ እትዬ ደጊቱ» አሉ ጋሽ ወልደየስ።

«ትንሽ? እስከ መኝታዬ መጥቶ ቀሰቀሰኝ! ልጄ ሞቶ የመጣህ ጊዜ ተቀብተህ ነበር?»

«በስመ አብ! እንዴት ይሆናል እትዬ?»

«ተነሺ ፀዳለ» አሉ እማማ ደጊቱ። «የልጅሽን መርዶ ይዞ ቢሆን ይሄ ሽማግሌ እንዲህ አይኳኳልም ነበር።» መወርወሪያውን ዳብሰው ራሳቸው ከፈቱት።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። አልተቀመጡም። ለጋብቻ የሄደ ሽማግሌ እሺ እስኪባል እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ። ጋሽ ወልደየስ ጋቢያቸውን አስተካከሉና በእማማ ደጊቱ ፊት ቆሙ።

«እትዬ፣ ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው። ልጃችን ልሳነወርቅ ነው። እሷ ብቻዋን ትምጣልኝ አላለም። ሁለቱም እኔ ቤት ይግቡ፤ ያ ካልሆነ እኔ እነሱ ቤት እገባለሁ ብሏል።»

እንግዲህ አስተውሉ። የተጠየቁት የፀዳለ እናት አይደሉም። የሟቹ እናት ናቸው። እምቢ ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ፀዳለ ወለሉን ታያለች። እማማ ደጊቱ ፊታቸው ትንሽ ቢከፋ፣ ልሳነወርቅን ዳግመኛ ቀና ብላ እንደማታየው ታውቃለች።

«ወልደየስ» አሉ እማማ ደጊቱ በመጨረሻ። «ጥፋቱ ያንተ ባይሆንም፣ በዚህ በር ገብተህ ልጅህ የለም አልከኝ።»

«ብያለሁ፣ እትዬ።»

«ዛሬ ልጅ አለልሽ ልትለኝ መጣህ?»

ጋሽ ወልደየስ ራሳቸውን ነቀነቁ። አሮጊቷ እንደማያዩ ያስታወሱት ቆይተው ነው። «አዎ፣ እትዬ» አሉ።

«እንደ ደንቡ ተመካክረን መልስ እንሰጣለን ብዬ ልቀጥራችሁ ይገባል። እኔ ግን ለቀጠሮ የሚተርፍ ዕድሜ የለኝም። አንቺስ ፀዳለ፣ ምን ትያለሽ?»

ፀዳለ ወደ ጓዳ ገባችና አንድ ወንበር ይዛ ወጣች። ተመልሳ ሌላ አመጣች። ሦስተኛ ጨመረች። ሽማግሌዎቹ ገባቸውና ተቀመጡ። እሷ ግን አሁንም ተመልሳ አራተኛ ወንበር አመጣች።

«ሦስት ነን እኮ» አሉ አቶ ሽኩር።

«ከአጥሩ ጥግ ቆሞ የለ?» አለች ፀዳለ። በሩ ሲከፈት አይታው ነበር። «ብርድ ይመታዋል። ጥሩት።»

«እንዳይመጣ ነግሬው ነበር!» ብለው ጋሽ ወልደየስ ጮኹ። እማማ ደጊቱ ከት ብለው ሳቁ። ፀዳለም ሳቀች፤ በዚህ ጊዜ አፏን አልሸፈነችም።

ረፋድ ላይ ምሥራቅ ደወለች። እውነትም ኔትወርክ ነበር።

ወገኖቼ፣ ያ ደስታ በሩ ላይ ቆሞ «ክፈቺ» ሲል ፀዳለ ምን አለችው? «ሂድልኝ» አለችው። ክፉ ስለሆነች ነው? አይደለም። ኀዘን የመጣ ጊዜ የለበሰውን ጋቢ ለብሶ ስለመጣባት ነው። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው በር፣ በዚያው ሰው እጅ ስለመጣ ነው።

እናንተስ? ስንቱን በጎ ነገር ከነጋቢው መለሳችሁት? አንድ ጊዜ የተጎዳችሁበት በር ስለሆነ ብቻ ቀርቅራችሁ ወለሉ ላይ የተቀመጣችሁ የላችሁም? እግዚአብሔር መልካሙን ነገር በሌላ መንገድ እንዲልክላችሁ ትጠብቃላችሁ። ለቤታችሁ ሌላ መንገድ ከሌለውስ?

«ሟቹ ይረሳል» ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁ። የደምሰው ፎቶግራፍ ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው። ፍሬሙ አርጅቶ ነበር፤ በአዲስ እንጨት የሠራለት ልሳነወርቅ ነው።

እናንተ ደግሞ ኀዘን ያልደረሰባችሁ፣ ለመርዶ ተጠራርታችሁ በማለዳ ትነሳላችሁ። መልካም ነው። ለደስታስ ማን ይነሳል? ባሏ የሞተባት ጎረቤታችሁ ስትስቅ አይታችሁ ምን ትላላችሁ? እማማ ደጊቱ እናት ሆነው፣ ልጃቸውን አጥተው፣ መወርወሪያውን በገዛ እጃቸው ከፈቱ። እኛ በየትኛው እጃችን ነው የምንቀረቅረው?

ፀዳለ ዛሬም ማለዳ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። ይህ አልተዋትም፤ ምናልባትም አይተዋትም። እጇ ላይ ያለውን ታስቀምጣለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ሄዳም ትከፍታለች።

እናንተም ደንግጡ። ግን ክፈቱ።